ከሥራ የተገኘ ዕውቀት በአፀደ ሕፃናት መምህራን ሥልጠና፤ ዕውቅና ወይስ ምሕረት?

በአፀደ ሕፃናት ውስጥ ለዓመታት ያገለገለ ሰው በሥራው ላይ ሳለ የተማረው ነገር ከሥልጠና ተቋም ደጃፍ ሲደርስ ምን ያህል ይመዝናል የሚለው ጥያቄ በብዙ አገሮች የትምህርት ባለሙያዎችን ሲያከራክር ቆይቷል። ጥያቄው ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ ከመቶ ከ10 በታች የነበረው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ጥቅል ተሳትፎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ ከ30 በላይ ደርሷል። የሕፃናቱ ቁጥር በዚህ ፍጥነት ሲያድግ የሠለጠኑ መምህራን ቁጥር በዚያው ልክ ሊያድግ አልቻለም። ክፍተቱን የሞሉት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ በተከፈቱት የዜሮ ክፍሎች የተመደቡ፣ ለሌላ የክፍል ደረጃ የሠለጠኑ ወይም ከነጭራሹ ያልሠለጠኑ ሰዎች ሲሆኑ፣ በከተሞች የግል አፀደ ሕፃናት ደግሞ ረዳት ወይም ሞግዚት ተብለው የተቀጠሩ ሴቶች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን የሁለት ዓመት አድርጎ ከሥርዓቱ ጋር ስላያያዘው፣ የእነዚህ ሰዎች ዕጣ ከእንግዲህ በዝምታ የሚታለፍ አይሆንም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተለመዱ አቋሞች ይታያሉ። አንደኛው፣ ሥልጠና ማለት በኮሌጅ ውስጥ የተሰጠ ኮርስ ስለሆነ ከዚያ ውጭ የተገኘው ሁሉ ልምድ ይባል እንጂ ዕውቀት ሊባል አይገባውም የሚል ነው። በዚህ አቋም መሠረት ስምንት ዓመት ከሕፃናት ጋር የዋለች ረዳትና ትናንት ከሁለተኛ ደረጃ የወጣች ወጣት በአንድ ወንበር ተቀምጠው የጨዋታን ጥቅም ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይጀምራሉ። ሁለተኛው አቋም በአንጻሩ የአገልግሎት ዘመንን ቆጥሮ፣ ይህን ያህል ዓመት የሠራች ይህን ያህል ታውቃለች ብሎ ይደመድማል። የመጀመሪያው ግፍ ነው፤ ሁለተኛው ደግነት መስሎ የሚታይ ቸልተኝነት ነው። ሁለቱም የሚጋሩት ጉድለት ደግሞ ሠራተኛዋ በእርግጥ ምን እንደተማረች አለመጠየቃቸው ነው።

የተማረችውን ለመረዳት ሥራውን ከበሩ ጀምሮ መከታተል ያስፈልጋል። አዲስ የተቀጠረች ረዳት በመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብታ እንድታስተምር አይፈቀድላትም። ጠዋት ሕፃናቱን ከወላጆቻቸው እጅ ትቀበላለች፤ የጫማ ክር ታስራለች፤ የምሳ ዕቃ ትከፍታለች፤ ሽንት ቤት ታደርሳለች፤ በዕረፍት ሰዓት የወደቀውን ታነሣለች። እነዚህ ተግባራት በሙያው ተዋረድ ውስጥ ከሁሉ ዝቅ ያሉ መስለው ይታያሉ። ነገር ግን የሕፃኑ ጠባይና ችግር ጎልቶ የሚወጣው በእነርሱ ላይ ነው። እናቱን ላለመልቀቅ እያለቀሰ የሚታገለውንና ያለ ድምፅ ሰተት ብሎ የሚገባውን ስታስተያይ፣ አንዳንድ ጊዜ ይበልጥ ሊያሳስባት የሚገባው ሁለተኛው መሆኑን ረዳቷ ትማራለች። ከኋላው ሲጠሩት የማይዞረው ልጅ እልኸኛ ሳይሆን ጆሮው በደንብ የማይሰማ ሊሆን እንደሚችል ትጠረጥራለች። ወሩ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ከየምሳ ዕቃው ውስጥ የሚጎድለውን ታያለች። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ የሚናገር ሕፃን በአማርኛ ሲጠየቅ ዝም ማለቱ ካለማወቅ አለመሆኑን፣ በጨዋታ ሰዓት ከአንድ ጓደኛው ጋር ሲያወጋ ሰምታ ታረጋግጣለች። ስለነዚህ ነገሮች የሚያስተምር ኮርስ የለም ማለት አይደለም። ኮርሱ የሚያስተምረው ግን የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃናት በጠቅላላው ምን እንደሚመስሉ ሲሆን፣ ረዳቷ የምታውቀው ይኸኛው ሕፃን ዛሬ ምን እንደሆነ ነው።

ይህን ዓይነቱን ትምህርት በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ከተነተኑት መካከል ጂን ሌቭና ኤትየን ዌንገር በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው ይጠቀሳል። ሌቭ በላይቤሪያ ልብስ ሰፊዎች መካከል ባደረገችው ጥናት ተለማማጁ ሥራውን የሚጀምረው ቁልፍ ከመትከልና ጠርዝ ከመቀምቀም፣ ማለትም ከልብሱ ማብቂያ፣ እንደሆነና ወደ ስፌትና ወደ ቅድ የሚደርሰው ቆይቶ እንደሆነ አሳይታለች። በዳር ያለው ሥራ ስሕተቱ ብዙ ጨርቅ አያበላሽም፤ ይሁንና የሙሉውን ልብስ ቅርጽ ለተለማማጁ ዓይን ያቀርባል። በአፀደ ሕፃናት በር ላይ የምትቆመው ረዳት ሁኔታም ከዚህ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ስለሆነም የእርሷን ሥራ የጉልበት ሥራ ብቻ አድርጎ የሚመለከት የሥልጠና ዕቅድ ሙያው ከየት እንደሚጀምር አልገባውም ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ የሚያጓድለው ነገር አለ። አዲሱ ሠራተኛ ቀስ በቀስ የሚገባበት የሙያ ማኅበር የሚሠራው ሥራ ራሱ መልካም ስለመሆኑ ብዙም አይመረምርም። የልብስ ሰፊ ሥራ በደንበኛው ትከሻ ላይ ወዲያውኑ ይፈተናል፤ የተጣመመ እጅጌ አይደበቅም። በአፀደ ሕፃናት ግን የተበላሸው ሥራ ፈጥኖ አይታይም፤ እንዲያውም ለጊዜው የተሳካ ይመስላል።

እዚህ ላይ ከሥራ የሚገኝ ትምህርትን የሚያወድሱ ጸሐፊዎች ሊያልፉት የሚወዱት እውነት አለ። የሥራ ቦታ ክፉውንም እንደ መልካሙ አድርጎ ያስተምራል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ከሚገባው በላይ ሕፃናት የታጨቁባት ሠራተኛ መጀመሪያ የምትማረው ዝም ማሰኘትን ነው። እጅ አጣምሮ ማስቀመጥ፣ ፊደሉን በኅብረት ማስጮኽ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን መላልሶ ማስገልበጥ፣ አንዳንድ ጊዜም አርጩሜ ማሳየት በፍጥነት የሚያዙ ዘዴዎች ናቸው፤ የሚያዙትም ስለሚሠሩ ነው። የግል አፀደ ሕፃናት ሠራተኛ ደግሞ ወላጅ ደብተር እያገላበጠ የቤት ሥራ የት አለ ሲል ስለምትሰማ፣ አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ የእንግሊዝኛ ፊደል በገጽ ሙሉ ማስጻፍ የጥሩ ትምህርት ቤት ምልክት መሆኑን ትማራለች። ማንም ሥልጠና ብሎ አልሰጣትም፤ ግን በሚገባ ሠልጥናበታለች። ሰማንያ ሕፃናትን በአንድ ቃል ጸጥ ማሰኘት ችሎታ ነው ከተባለ እርግጥም ችሎታ ነው። ሆኖም የመምህርነት ችሎታ ተብሎ ሊመዘገብላት አይገባም። እንግዲህ ለሥራ ላይ ትምህርት ዕውቅና የሚሰጥ ማንኛውም ሥርዓት እምቢ የማለት አቅም ከሌለው ዕውቅና ሰጠ ሊባል አይችልም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ችግር የመግለጽ ችግር ነው። ሚካኤል ፖላኒ በ1966 እ.ኤ.አ.፣ ዶናልድ ሾን ደግሞ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው መጻሕፍት እንዳመለከቱት፣ የባለሙያ ዕውቀት ከፍ ያለው ክፍል በቃል ሊነገር የማይችል ሲሆን የሚገለጠውም በአሠራሩ ውስጥ ነው። ረዳቷ ለምን ያንን ልጅ ከመስኮቱ አጠገብ አንሥታ ከራሷ ጎን እንዳስቀመጠችው ብትጠየቅ «እዚያ አይሆንለትም» ብላ ልታልፈው ትችላለች። መልሱ ትክክል ነው፤ ለመርማሪ ግን አይበቃም። ዛሬ በብዙ ቦታ መፍትሔ ተደርጎ የሚቀርበው ማኅደረ ተግባር የተባለው የጽሑፍና የሰነድ ጥራዝ ነው። በኢትዮጵያም የመምህራን የሙያ ፈቃድ ምዘና ከጽሑፍ ፈተናው ጋር ማኅደረ ተግባርን ይጨምራል። ሐሳቡ አይነቀፍም። ነገር ግን ማኅደረ ተግባር ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዝነው መጻፍን ነው። ብዕሯ የቀለለላት ሠራተኛ ያልሠራችውን ታሳምራለች፤ በሥራዋ የተመሰገነችው ደግሞ ሦስት መስመር ጽፋ ታቆማለች። ከዚያም አልፎ ጥራዙ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ተገልብጦ የሚቀርብበት ጊዜ መኖሩን ርእሳነ መምህራን አያጡትም።

በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ አንድ የቆየ መልስ አለ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የድጓ ተማሪ ቀለሙን በየትኛውም ደብር፣ ከየትኛውም መሪጌታ ዘንድ ሊቀጽል ይችላል። መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት ግን በደቡብ ጎንደር ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር ነበረበት፤ የዝማሬና መዋሥዕቱ ደግሞ ዙር አምባ ነው። ማስመስከር የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። የት ተማርህ፣ ስንት ዓመት ተቀመጥህ ከሚለው ይልቅ ዋናው ነገር ዕውቀቱ በሚያውቁት ፊት ቆሞ መሰማቱ ነው። መስካሪው ደግሞ ቀለሙን ራሱ የተካነ ሰው እንጂ ወረቀት ተቀባይ አይደለም። ተማሪው እዚያው ከርሞ ቀለሙን ያጸናል፤ የተሳሳተው ይታረማል፤ ያልበቃ ይመለሳል። በንባብ ቤትም ቢሆን አቡጊዳ የዘለቀው ልጅ ለአዲሱ ልጅ ፊደል ያስቆጥራል፤ የኔታ ደግሞ ከሩቅ ሆነው ያዳምጣሉ። በ2002ቱ ማዕቀፍ ዘመን ትልልቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያዘጋጁበት «ከልጅ ወደ ልጅ» የተባለው ዘዴ ሲጀመር ሐሳቡ ከውጭ የመጣ ቢሆንም ለአገሩ ሰው እንግዳ ያልሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

ይህ ማለት ግን የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት እንዳለ ወደ ሕፃናት ክፍል ማዛወር ይቻላል ማለት አይደለም። ድጓ የታወቀ መጽሐፍና የታወቀ ዜማ ስላለው የተሳሳተው ወዲያው ይለያል። ከሕፃን ጋር የሚደረግ ጭውውት እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። መወረስ የሚገባው ሥርዓቱ ሳይሆን መስካሪው ማን ሊሆን ይገባል የሚለው ጥያቄው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ሰጥቶ በኋላ መልሱን ያለዘበ የውጭ አገር ምሳሌ የአሜሪካው የሕፃናት ዕድገት ረዳት ባለሙያ ምስክር ወረቀት ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የታሰበውና ለመጀመሪያ ጊዜ በ1975 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ይህ ምስክር ወረቀት የተመሠረተው በድኻ ሠፈሮች የሕፃናት ማዕከላት ውስጥ የሚሠሩ፣ የኮሌጅ ደጅ ያልረገጡ ሴቶች በሥራቸው ችሎታ እንዲመዘኑ በማሰብ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውሳኔውን የሚሰጠው ጉባዔ አራት አባላት ነበሩት፤ እነርሱም ዕጩዋ ራሷ፣ አሠልጣኟ፣ ከወላጆችና ከአካባቢው ሕዝብ የተወከለ ሰው፣ እንዲሁም ከምስክር ወረቀት ሰጪው አካል የተላከ ተወካይ ነበሩ። ሁሉም ሠራተኛዋን በሥራዋ ላይ አይተው፣ ያዩትን ጽፈው፣ በአንድ ጠረጴዛ ተነጋግረው ይወስናሉ። የወላጅ መቀመጫ እዚያ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ ቤቱ ሲመለስ ምን እንደሚያወራና ጠዋት ወደ ማዕከሉ ለመሄድ እንዴት እንደሚነሣ የሚያውቀው ወላጁ ነውና። ሥርዓቱ ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ በኋላ ተለወጠ። ዛሬ የሚጠየቀው የ120 ሰዓት ትምህርት፣ የ480 ሰዓት የሥራ ልምድ፣ የሰነድ ጥራዝ፣ አንድ የምልከታ ጉብኝትና ፈተና ነው። ወላጆች በመጠይቅ ላይ አስተያየታቸውን ይሰጣሉ፤ ከጠረጴዛው ግን ተነሥተዋል። ሰዓት መቁጠር ከሰው መጥራት እንደሚረክስ ማንም አይስተውም፤ ያ ርካሽነት ምን እንዳስቀረ ግን ሲጻፍ እምብዛም አይታይም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። የከተማዋ የትምህርት መሥሪያ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ በሕፃናት ማዕከላት የሚሠሩ መምህራን የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ፣ ረዳቶችም ከላይ የተጠቀሰውን ምስክር ወረቀት እንዲይዙ አዘዘ። ለዓመታት በሥራው ላይ የቆዩ ሴቶች ቅሬታ አሰሙ፤ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2022 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደንቡን አጽንቶታል። በመካከሉ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ያገለገሉ ከግዴታው ነጻ የሚሆኑበት ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር። መፍትሔው ርኅራኄ አለው፤ ከሥራ የተገኘውን ዕውቀት ግን ምሕረት እንጂ ዕውቅና አልሰጠውም። አሥር ዓመት የሠራችው አታውቅም ግን እናልፍሻለን ተባለች፤ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ደግሞ ምን እንደምታውቅ ሳትጠየቅ ወደ ኮሌጅ ተላከች። ስለ ሕፃናቱም ምንም የተረጋገጠ ነገር የለም።

የስዊድን ሁኔታ በአጭሩ ሊጠቀስ ይችላል። በዚያ የአፀደ ሕፃናት መምህርነት ሥልጠና ሦስት ዓመት ተኩል የሚወስድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሲሆን፣ ልምድ ያላቸው የሕፃናት ተንከባካቢዎች የቀድሞ ዕውቀታቸው ተመዝኖ ትምህርቱ ሊያጥርላቸው ይችላል። በእንዲህ ያለው አሠራር ውስጥ የሚያከራክረው፣ የሠራተኛዋ ዕውቀት ከኮርስ ስም ጋር እየተዛመደ መመዘኑ ነው። አቻ ኮርስ ያለው ይቆጠራል፤ አቻ የሌለው በደጅ ይቀራል። በበሩ ላይ የተገኘው ዕውቀት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም አቻ የለውም።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ የቀረበው በር የቴክኒክና ሙያ ዘርፉ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ውጤትን መሠረት ያደረገ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ሙያውን በመደበኛ ተቋምም ይማረው ከአባቱ ጋራዥ፣ በሙያ ደረጃው መሠረት ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ሊያገኝ እንደሚችል ይፈቅዳል። ይህ በአገሪቱ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ትልቅ እርምጃ ሲሆን ግንበኛውን፣ ምግብ አብሳዩንና አናጢውን ጠቅሟል። ታዲያ የመምህራን ትምህርት ይህን በር ለምን ሳያንኳኳው ቆየ? ምክንያቱ የሙያ ክብር ብቻ አይደለም። የሙያ ብቃት ምዘና ሥራውን ወደ ዝርዝር ተግባራት ከፋፍሎ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የሚያይ ነው። ግድግዳ በተመዛኙ ፊት ተሠርቶ ይለካል። ሕፃናት ግን በአንድ ቀን አይለኩም፤ በምዘናው ዕለት በማታውቃቸው ሕፃናት ፊት የቆመች ረዳት ከችሎታዋ ዋና የሆነውን፣ ማለትም እነዚያን ልጆች ለወራት ማወቋን፣ ከበር ውጭ ትታ ገብታለች። ስለዚህ የቴክኒክና ሙያውን መርሕ መውሰድ ሲገባ የመመዘኛውን ዘዴ እንዳለ መውሰድ አይገባም። ምዘናው ወደ ሥራ ቦታዋ መሄድ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ መመላለስ፣ በተለያየ ሰዓት መደረግ ይኖርበታል፤ በተለይም በጠዋት መቀበያና በምሳ ሰዓት።

የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም ከዚህ ሂሳብ ነጻ አይደሉም። የአፀደ ሕፃናት መምህራን ለረጅም ጊዜ በአንድ ዓመት የሰርተፊኬት ሥልጠና ሲወጡ ቆይተው በኋላ የሦስት ዓመት ዲፕሎማ ተጀምሯል። የሥልጠናው ርዝመት ሲጨምር በተለመደው አሠራር የተጨመረው ንድፈ ሐሳብ ሆኖ፣ የማስተማር ልምምዱ ንድፈ ሐሳቡ የሚተገበርበት የመጨረሻ ምዕራፍ ሆኖ ቀርቷል። ሠልጣኟ ለልምምድ ስትላክ የምትመደበው ከመምህሯ ጋር ነው፤ ከረዳቷ ጋር አይደለም። ስለ ትምህርት ዕቅዷ ትገመገማለች፤ ሕፃኑን ከእናቱ እጅ እንዴት እንደተቀበለች የሚጠይቃት የለም። ኮሌጁ ለረዳቷ ዕውቀት ዕውቅና ለመስጠት በእርግጥ ከፈለገ ኮርስ በመቀነስ ብቻ ሊያበቃ አይችልም፤ ልምድ ያላት ረዳት ለሠልጣኞች የምታሳይበትን ሰዓት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ሊከፍትና ለዚያም ሊከፍላት ይገባል። እግረ መንገዱንም እርሷ ያላወቀችውን ማለትም ስለ መስማት ችግር ምርመራ፣ ስለ ቋንቋ ዕድገት፣ የኅብረት ጩኸት ለምን ንባብ እንዳልሆነ ያስተምራታል። እንዲህ ከሆነ እምቢ የሚባለው ነገር እንኳ ሲነገራት ከምታውቀው ተነሥቶ ይሆናል።

ለመምህራን በየዓመቱ የተወሰነው የ60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያም ለዚህ ሊያገለግል ይችል ነበር። በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ መምህራን የእርስ በርስ ሥራቸውን እየተመለከቱ እንዲወያዩ የተዘጋጀ ስለሆነ ከማስመስከር ጋር የሚቀራረብ አሠራር ነው። ይሁንና ሰዓቱ የተሰላው ለመምህር እንጂ ለረዳት አይደለም። በግል አፀደ ሕፃናት ያለችው ሞግዚት ውይይቱ ሲካሄድ ሕፃናቱን የምትጠብቀው ሰው ናት።

የመጨረሻው ጥያቄ የገንዘብ ነው፤ ዕቅድ አውጪዎች አስቀድመው ሊያነሡት ሲገባ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የሚያቆዩትም ይኸው ነው። ለሥራ ላይ ትምህርት ዕውቅና መስጠት ርካሽ መንገድ ተደርጎ ሲታሰብ፣ ኮሌጅ ሳይሠራና አሠልጣኝ ሳይቀጠር መምህር ማግኛ ይመስላል። በዚህ ስሌት የተሰጠ ምስክር ወረቀት ረዳቷን መምህር ያሰኛታል፤ ደመወዟ ግን የረዳት ሆኖ ይቀጥላል። የሰማንያውን ሕፃን ክፍልም ሙሉ በሙሉ ያሸክማታል። አንድ ክልል ወይም አንድ ከተማ አስተዳደር ምዘናውን ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገሮችን በጽሑፍ ሊያስቀምጥ ይገባዋል፤ አንደኛው የተመሰከረላት ረዳት የምትገባበት የደመወዝ እርከን፣ ሁለተኛው ያልተመሰከረላት በምን ያህል ጊዜ፣ በማን ድጋፍ ተመልሳ ልትቀርብ እንደምትችል ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይወሰኑ የሚጠራ የመዛኞች ጉባዔ ቢጠራም፣ ረዳቶቹ ቅጹን ሞልተው ሲያበቁ ተመልሰው የሚገቡት ወደዚያው በር ነው።